ሠዓሊው የፍቅር ደራሲ

ከየካ ተራራ ተነስቶ ወደ ምዕራብ እስከ እንጦጦ ማርያምና ራጉኤል የሚዘልቀው ባሕር ዛፍ የለበሰ ሸንተረር ዛሬ የሙሽሮች ፎቶ መነሻና የዘፈን ክሊፕ መቅረጫ ሆኗል፤ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህማ ፍቅረኛ ይዞ ሽቅብ መውጣት የከተማው ወግ ነው። የፍቅር ደራሲ ሲባልም በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ሥዕል ከዚህ አይርቅም፤ ደራሲው ጭጋጉ ውስጥ ለብቻው ይቀመጣል፣ የራሱ ፍቅር ያንገበግበዋል፣ መንፈስ ይወርድለታል፣ ይጽፋል። የአማርኛ የፍቅር ልብ ወለድ አጀማመር ግን ይህን አይመሰክርም። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፉት ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እንጦጦን በሚገባ ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን በብሩሽና በቀለም ሥራ ነው። እንደ እኔ አሳብ፣ የፍቅር ታሪክ ዋና ምንጩ ደራሲው የለመደው ሙያ፣ የወረሰው ትረካና የተጣለበት ሥራ ነው፤ የግል ፍቅሩ ቢኖርም ባይኖርም ልዩነቱ ጥቂት ነው።

አፈወርቅ የተወለዱት በ1860 ዓ.ም. ጣና ዳር ዘጌ ላይ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ወደ ኢጣልያ ላኳቸውና ቱሪን ከተማ ሥዕል ተማሩ። ሲመለሱ፣ ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃው አካባቢ በሚወርድበት ዘመን መሆኑ ነው፣ እዚያው ተራራ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እንዲሠሩ ታዘዙ። ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ተቀያይመው እንደነበረም ይተረካል። ኋላ ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ በአድዋ ጦርነት ሰሞን ወደ ጣልያኖቹ ወገን ተሻገሩ፤ ከዚያም ናፖሊ በሚገኘው የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛ አስተማሪ ሆኑ። ያ የመጀመሪያው ልብ ወለድ፣ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ የታተመው ሮም ውስጥ በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያው አካባቢ ካሳተሟቸው ሥራዎች አጠገብ ሲቀመጥ መጽሐፉ ይበልጥ ይገባል። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በጣልያንኛ የተጻፈ የአማርኛ ሰዋስው፣ በዚያው ሰሞን በኢትዮጵያ ለሚጓዙ የውጭ አገር ሰዎች መምሪያ፣ ወዲያው ተከትሎ የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ወጥተዋል። የፍቅሩ ታሪክ የተወለደው እንዲህ ከሰዋስውና ከመንገደኛ መምሪያ መካከል፣ ቋንቋውን ለባዕዳን በሚያስረዳ መምህር ጠረጴዛ ላይ ነው። አማርኛው ያን ያህል የደለበው፣ ደራሲው ቃል ሳይቆጥብ ቋንቋው የሚችለውን ሁሉ ለማሳየት የታተረው በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ታሪኩ ራሱስ? ጦቢያና ዋሕድ መንትዮች ናቸው። አባታቸው የጦር አለቃ ሲሆን በጦርነት ተሸንፎ ይማረካል፤ አንድ ደግ ነጋዴ ነፃ ያወጣዋል። ዋሕድ ለአባቱ ባለውለታ ብድር ለመመለስ ወጥቶ እሱም በተራው ይጠፋል። ጦቢያ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ትፈልገዋለች፤ በመንገዷም ክርስቲያን ካልሆነ ንጉሥ ቤት ትደርሳለች። ወንድ መስላ በመታየቷ የፍቅር ግራ መጋባት ይነሳል፤ ማንነቷ ሲገለጥ ንጉሡ ይወዳታል፣ ክርስትናን ተቀብሎም ያገባታል። የዚህን ታሪክ ስሪት አንድ በአንድ የመረመረ ሰው አብዛኛው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተነሳ መሆኑን ያያል። ወንድ መስለው ገዳም የገቡ ሴቶች ገድል በስንክሳር ሲነበብ የኖረ ነው። ምርኮ፣ ስደት፣ በአንዲት ሴት ምክንያት የሚያምን ንጉሥ፣ እነዚህም ሰምቶ ላደገ ጆሮ አዲስ አይደሉም። አዲሱ ነገር የገድሉ ሴት ከዓለም ሸሽታ መነኩሲት ስትሆን የአፈወርቅ ጦቢያ ግን ለሰርግ መብቃቷ ነው። መጽሐፉ ሲከፈትም የሚቀድመው የፍቅረኞች ጭውውት ሳይሆን የጦርነቱ እልቂት ነው፤ ለዓይን የሚታየውን ሁሉ አስፍቶ የሚያሳይ፣ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ለመሙላት የሰለጠነ እጅ ሥራ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ጦቢያ የኢትዮጵያ ሌላ ስም ስለሆነ መጽሐፉ የአገር ምሳሌ እንጂ የፍቅር ታሪክ አይደለም የሚሉ አሉ። ምሳሌነቱን አልክድም፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ነገር ግን ምሳሌው የሚሠራው አንባቢው ለልጅቷ ሲሳሳና ሲሰጋላት ብቻ ነው፤ ፍቅሩ ከተነሳ የሚቀረው ስብከት ነው፣ ስብከት ደግሞ ያኔም ሞልቶ ነበር። ሌላው ተቃውሞ የፍቅር ልብ ወለድ ከአውሮፓ የተቀዳ ነው የሚል ነው። አፈወርቅ የአውሮፓን መጻሕፍት ማንበባቸው አያጠራጥርም፤ ባለቤታቸውም ጣልያናዊት ነበሩ። ረጅም ልብ ወለድ በጽሑፍ ማቅረብን ከዚያ ተምረውት ይሆናል። ቢሆንም ከአውሮፓዊት ጋር በትዳር እየኖሩ የጻፉት ጣልያናዊት ስለወደደ አበሻ አይደለም። ኑሮውን በቀጥታ የሚገለብጥ ደራሲ ቢሆኑ ኖሮ ያ ታሪክ እጃቸው ላይ ነበር።

አንድ ሰው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ለሚል ደግሞ ቀጥሎ የመጡትን መመልከት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ባሳተሙት ልብ ወለድ ስለ ብርሃኔና ጽዮን ሞገሳ ጋብቻ የጻፉት ልቅም ያለ የትዳር ትምህርት ነው፤ እሳቸውን ያነሳሳቸው ያለ ዕድሜ ጋብቻና የዘመኑ ልማድ እንጂ የራሳቸው ፍቅር አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ ይበልጥ ግልጽ ናቸው። በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ፣ በጣልያን ወረራ ተዋግተው ተማርከው ዓመታት በእስር የቆዩ፣ ከዚያም ሚኒስትርና አምባሳደር የሆኑ ሰው ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ዕድሜያቸው ከ50 አልፎ ነበር። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ያሳተሙት «ተረት ተረት የመሠረት» የተሰኘ መጽሐፍ ነው፤ እጃቸው አስቀድሞ የተፍታታው በተረት ነው ማለት ይቻላል። የዚህን ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህን የሚያስረው የእናቱ ስለትና የቅኔ ትምህርት ቤቱ ዓለም ሐዲስ የሚያውቁት ዓለም ነው። ፍቅረኛው ሰብለ ወንጌልም እሱን ፍለጋ የወጣችው በምንኩስና ልብስ ተሸሽጋ ነው። ስንክሳር፣ ከዚያ ጦቢያ፣ ከዚያ ሰብለ፤ በየዘመኑ ልብሷን የምትቀይረው ያችው ሴት ናት። ሐዲስ ከአፈወርቅ የሚለዩት ሰርጉን በመቃብር በመለወጣቸው ነው፤ በእኔ ዳኝነት ይህ ለውጥ የአማርኛን የፍቅር ልብ ወለድ ካሳደጉት እርምጃዎች ሁሉ ይበልጣል።

ስለ አፈወርቅ ሲወራ አንድ ነገር ማለፍ አይቻልም። በፋሺስት ወረራ ዘመን «አፈ ቄሳር» ተብለው ጣልያንን አገልግለዋል፤ ከነፃነት በኋላም ተግዘው በ1940 ዓ.ም. ጅማ ላይ አርፈዋል። እንዲህ ያለ ሰው የጻፈው የፍቅር መጽሐፍ ምን ይጠቅመናል የሚል ንዴት ተገቢ ነው፤ ክህደቱን በመጽሐፉ ማጠብም አይቻልም። ይሁንና የጽሑፉ መነሻ የደራሲው ልብ ቢሆን ኖሮ ከእሳቸው ልብ ጋር መጣል በቻልን ነበር፤ ከስንክሳሩ፣ ከሥዕሉና ከቋንቋው የተሠራ ስለሆነ ግን የእሳቸው ብቻ አይደለም። መጽሐፉ ከመቶ ገጽ ያነሰ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ እንጦጦ የምትወጡ ሰዎች ይዛችሁት ብትወጡ ሳትወርዱ ትጨርሱታላችሁ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብባችሁ ከሆነ ደግሞ ሰብለ ወንጌል ከማን እንደተወለደች ራሳችሁ ፍረዱ።