ለመመለስ የሚሰጥ ትምህርት

ከኡራኤል ወደ ካዛንቺስ የሚያቀና ሰው ብዙ ሳይርቅ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ይደርሳል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽም እዚያው ነው። በዚህ አካባቢ ስለ መብት የሚመክር ስብሰባና ዐውደ ጥናት ብርቅ አይደለም። ለሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ስለሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ ፌሎሺፕ ሲነሳ ግን ጨዋታው ቶሎ ወደ ሁለት ጥያቄ ይወርዳል፤ የት አገር ነው? እዚያው መቅረትስ ይቻላል? ሰውየው ምን ተምሮ ይመጣል የሚለውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ምንነቱን ለመናገር አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ በሥራ ላይ ያለ ተሟጋች ለጥቂት ወራት ወይም ለአንድ ዓመት ወጪው ተሸፍኖለት ዩኒቨርሲቲ ይገባና የያዘውን ሥራ በተሻለ መንገድ መሥራት ይማራል። በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተሟጋቾች መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አለ፤ ዲግሪ አይሰጥም፤ የሚያስተምረው ምርመራ፣ ቅስቀሳና ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። የእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ አደጋ ያንዣበበባቸውን ተሟጋቾች ለተወሰኑ ወራት እየተቀበለ ያሳርፋል፣ ያስተምራል። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ የአንድ ዓመት የማስተርስ ትምህርት ይሰጣል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ትልቁ የተሳሳተ ግምት ተሟጋችነት ወኔ እንጂ ትምህርት አይፈልግም የሚለው ነው። ወኔ እንደሚያስፈልግ የሚክድ የለም፤ ወኔ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ሩቅ ሳንሄድ ካዛንቺስን እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የሰፈሩ ነዋሪዎች ሲነሱ፣ የተነሺን እንባ አሳይቶ መንግሥትን መውቀስ ወይም አዲሱን አስፋልት አሳይቶ ማመስገን ለማንም ቀላል ነበር። ሥራውን የተማረ ተሟጋች የሚነሳው ከሌላ ቦታ ነው። ማስታወቂያው መቼ ደረሰ? በጽሑፍ ነው ወይስ በቃል? ማን ፈረመበት? ነዋሪው ባለ ካርታ ነው፣ የቀበሌ ቤት ተከራይ ነው ወይስ ደባል? የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ይመስላል፤ የጉዳዩ ቁልፍ ግን እሱ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ እንዲከፈል፣ አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤም እንዲኖሩ ያዛል፤ ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚነሳው ከይዞታው ባለመብት ነው። የሰው ቤት ጓዳ ተከራይቶ ልጆች ያሳደገ ደባል በዚህ ስሌት ውስጥ ራሱን ፈልጎ ለማግኘት ይቸገራል። በሌላ በኩል ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቀበለችው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን አለ። አፈጻጸሙን የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 7 ከቤቱ የሚነሳ ሰው አስቀድሞ እንዲመከር፣ በቂ ጊዜ ያለው ማስታወቂያ እንዲደርሰው፣ በሌሊትና አየሩ በከፋበት ጊዜ እንዳይነሳ፣ በመነሳቱም ቤት አልባ ሆኖ እንዳይቀር ይጠይቃል። ጥበቃው ባለ ካርታና ደባል ብሎ አይለይም። ስለዚህ በአገር ውስጥ ሕግ ጥላ ውስጥ የቀረው ደባል በቃል ኪዳኑ ፊት ሙሉ ሰው ሆኖ ይቆማል። ይህን ድልድይ ማየት፣ ካዩም በኋላ የአንዲትን እናት ቃል በቀን፣ በቦታና በሰነድ አስደግፎ ኮሚቴው ፊት የሚቆም ተጓዳኝ ሪፖርት ማድረግ በወኔ አይገኝም። ሲማሩት እንኳ ጊዜ ይወስዳል። «መብታችን ተጣሰ» የሚል መግለጫ አውጥተው የትኛው መብት፣ በየትኛው አንቀጽ ሲባሉ የሚንተባተቡ ድርጅቶች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ዩኒቨርሲቲና የመብት ትግል አይገናኙም ለሚል ሰው ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ (ኢሰመጉ) ታሪክ መልስ አለው። ጉባኤውን በ1984 ዓ.ም. ከመሠረቱት አንዱ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። የጉባኤው ሪፖርቶች ክብደት ያገኙት የተጎጂን ስም፣ ቀንና ቦታ ዘርዝረው በማውጣታቸው ነው።

ወደ ፕሪቶሪያው ትምህርት ስመለስ፣ እጅግ የማደንቀው አደረጃጀቱን ነው። ከአፍሪካ አገሮች የሚመረጡት ተማሪዎች የመጀመሪያውን መንፈቅ እዚያው አብረው ይማራሉ። በሁለተኛው መንፈቅ በአህጉሩ ወዳሉ አጋር ዩኒቨርሲቲዎች ተበትነው የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይሠራሉ፤ ከአጋሮቹ አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የእኛው ዩኒቨርሲቲ ራሱም የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል አለው። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ የሆነችው ከተማችን የሌላው አገር ሰው ሊማርባት የሚመጣባት ክፍል ናት ማለት ነው። የዩኔስኮ የሰብዓዊ መብት ትምህርት ሽልማት እ.ኤ.አ. በ2006 ለፕሪቶሪያው ማዕከል ሲሰጥ ይህ ትምህርት ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ነበር።

«የሚሄደው ላይመለስ ነው» የሚለው ተቃውሞ ባዶ አይደለም፤ ውጭ የቀሩ ብዙ ተሟጋቾች አሉን። ምክንያቱን ግን ዩኒቨርሲቲው ላይ መጣል ስህተት ነው። የኮሎምቢያው መርሐ ግብር አመልካቹ ከሚሠራበት ድርጅት የድጋፍ ደብዳቤ እንዲያመጣ፣ ሲጨርስም ወደዚያው እንዲመለስ ያስገድዳል። የሚመለስበት ድርጅት ሲጠፋ ነው ችግሩ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠራ አገር በቀል ድርጅት ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ሲከለክል ኢሰመጉ ከ12 ጽሕፈት ቤቶቹ 9ኙን ዘግቷል። በዚያ ዘመን ሠልጥኖ የመጣ ሰው የት ወንበር ሊያገኝ ነበር? አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በቁጥር 1113 ሲተካ የሆነውን እንይ። በዚያው ዓመት ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. ታስሮ የነበረው፣ በኦክስፎርድ ዶክትሬቱን የሠራው ዳንኤል በቀለ (ዶ/ር) ከውጭ ተመልሶ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንን መራ። የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ፣ በአሜሪካው የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የተማሩትና እዚሁ ካዛንቺስ በኢኮኖሚ ኮሚሽኑ የሠሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሁለቱም የተማሩት በዲግሪ እንጂ በአጭር ፌሎሺፕ አይደለም፤ ቢሆንም በራፉ ሲከፈት የተማረ ተሟጋች ሥራው ላይ እንደሚገኝ ያሳያሉ።

እኔ የምቀበለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ እሱም ቋንቋ። የውጭዎቹ ፌሎሺፖች እንግሊዝኛ አጥርቶ መናገርና መጻፍ ይጠይቃሉ። ወረዳ ለወረዳ እየዞረ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የምስክር ቃል የሚቀበለው የክትትል ባለሙያ ማጣሪያው ላይ ይወድቃል፤ የሚያልፈው ከቢሮ የማይወጣው አስተባባሪ ይሆናል። ይህን ጉድለት በከፊል ያባባሱት ራሳቸው ድርጅቶቹ ናቸው። የድጋፍ ደብዳቤውን ለሥራ አስኪያጁ ይጽፋሉ፤ የመስክ ሠራተኛው ማስታወቂያው መውጣቱን እንኳ ሳይሰማ ቀኑ ያልፋል። ዕጩ የምትልኩ ድርጅቶች በሚቀጥለው ዙር ደብዳቤውን ለክትትል ባለሙያው ጻፉ፤ እንግሊዝኛው ካልጠነከረ ዛሬ ኮርስ አስጀምሩት፤ ሲመለስ የሚቀመጥበትን ወንበርም አቆዩለት።