ሳህን ላይ የሞተው ሴል

የኳታር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። «የሩሲያ ወይራ» ከሚባለው ዛፍ (ስሙ ነው እንጂ ከእኛ ወይራ ጋር አይዛመድም) አበባ የተዘጋጀ ጭማቂ፣ ኸር2 የተባለው ፕሮቲን የበዛባቸውን የጡት ካንሰር ሴሎች ላብራቶሪ ውስጥ እድገታቸውን ገትቶ ራሳቸውን እንዲያጠፉ አድርጓል። እንዲህ ያለ ዜና ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር «ላብራቶሪ ውስጥ» የምትለው ቃል መንገድ ላይ ትቀራለች፤ «አበባ ካንሰርን አዳነ» የሚለው ብቻ ይደርሳል። ዋናዋ ቃል ግን የቀረችው ናት።

የተለመደው ፍተሻ እንዲህ ነው። መዳፍ በምታህል ፕላስቲክ ሳህን ላይ 96 ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። በየጉድጓዱ ሴል ይዘራል፣ ጭማቂው ከቀጭን እስከ ወፍራም ተመጥኖ ይጨመራል። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ቢጫ ቀለም ጠብ ይደረጋል፤ በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወደ ወይን ጠጅ ይለውጠዋል፣ የሞተው ግን ቢጫውን እንዳለ ይተወዋል። ሲያዩት ያምራል። ይሁንና ሴል መግደል ብቻውን ጀብዱ አይደለም፤ በረኪናም ይገድላል። ጥያቄው ጤነኛውን ሴል ይምራል ወይ፣ ጨጓራንና ጉበትን አልፎ ዕጢው ዘንድ በበቂ መጠን ይደርሳል ወይ ነው። ሳህኑ ጨጓራም ጉበትም የለውም።

«ታዲያ ሳህኑ ምን ይጠቅማል?» ለሚል መልሱ ከኢትዮጵያ ይመጣል። አሜሪካዊው ኬሚስት ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ከተለቀመ የአጣት ዘመድ ቁጥቋጦ በ1972 እ.ኤ.አ. ሜይታንሲን የተባለውን ውህድ አወጡ። ሳህን ላይ ኃይለኛ ነበር፤ በሽተኞች ላይ ሲሞከር ግን አንጀትንና ነርቭን ጎዳ፣ ተተወም። «ተፈጥሮ አይጎዳም» ለሚሉም መልሱ እዚሁ ነው። ዋጊኖስ ከተባለው ተክል የወጣው ብሩሲያንቲን የተባለ ውህድም ሰው ላይ ሲሞከር ዕጢ ማሳነስ አልቻለም። የሜይታንሲን ታሪክ ግን አላበቃም፦ ዘመዱ የሆነ ውህድ ኸር2ን ፈልጎ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተጣበቀና፣ መርዙ በአብዛኛው ዕጢው ላይ እንዲራገፍ ተደረገ። መድኃኒቱ፣ ካድሲላ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ። ከግኝቱ እስከ ፈቃዱ 41 ዓመት መሆኑ ነው። ያም ሆኖ አጣት ቀቅሎ መጠጣት ካድሲላ መውሰድ አይደለም፤ መድኃኒቱ የሚሠራበት ውህድ እንኳ ዛሬ የሚገኘው ባክቴሪያ ከሚያመርተው ንጥረ ነገር እንጂ ከቁጥቋጦው አይደለም።

ሕክምና ላይ ያላችሁ፣ የምትጠጡት ቅጠል ወይም አበባ ካለ ለሐኪማችሁ ሳትደብቁ ንገሩ።