ከጫንጮ ሜዳ እስከ ጥዋለት፦ አዲስ ተጋቢዎች በደሴት ጦር ሰፈር ጎጆ ሲወጡ

የደሴት ጦር ሰፈር ዙሪያውን በባሕር የተከበበ፣ ወታደሩ መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ውኃውን፣ እህሉንና ቤተሰቡን ጭምር ከየብስ አሻግሮ የሚኖርበት የሠራዊት መቀመጫ ነው። ኢትዮጵያ በዘመናዊው ታሪኳ ይህን ኑሮ ያወቀችው ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1952 በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ ሲሆን፣ በ1955 የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ዋና ሰፈሩን ምጽዋ ላይ አድርጎ በተከታዩ ዓመት የመኮንኖች ኮሌጁን አሥመራ ከፈተ። ሐሳቡ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከምጽዋ ትይዩ በሚገኘው ግራር ወደብ ማሠራት ጀምረው ነበር፤ ጨዋ የሚባሉትን፣ ማለትም በሩቅ አገር መሬት እየተሰጣቸው የሚሰፍሩትን የንጉሥ ወታደሮች፣ ወደ ባሕር ምድር የላኩትም እርሳቸው ናቸው። ስለ ባሕር ኃይሉ ሲጻፍ ጎልተው የሚታዩት ኖርዌያውያን አሠልጣኞቹና እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ ተገኝታ «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ናቸው። ከደጋ ወርዶ ጎጆ የወጣው ባሕረኛና ሚስቱ እምብዛም አይነሱም፤ ይህ ደግሞ ጉድለት ነው፤ ሚስቲቱ የሰፈሩን ሙቀትና ውኃ ካልቻለችው ባሏ ዝውውር መጠየቁ አይቀርምና።

በጥንት ስሟ ባጽዕ የምትባለው ምጽዋ በሁለት ደሴቶች ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ እነርሱም ባጽዕ ራሷና ጥዋለት ናቸው፤ ሁለቱ እርስ በርስም ሆነ ከየብሱ ጋር የተያያዙት በ19ኛው መቶ ዘመን በግብጾች አስተዳደር ጊዜ በተሠሩ የድንጋይ ድልድዮች ነው። ከአሥመራ እስከዚህ ያለው 115 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ እስከ ባሕር ወለል ይወርዳል። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በጎጃም መንገድ ላይ፣ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ በምትገኘው ጫንጮ ያደጉ ባልና ሚስት ወደዚህ ቢዛወሩ፣ አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚሞቅ፣ የከፍታው ልዩነት ብቻውን 15 ዲግሪ የሚያህል ሙቀት ይጨምርባቸዋል። የምጽዋ የዓመት አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ቀን ቀን ከ40 ማለፉ የተለመደ ሲሆን፣ ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት ላብ እንዳይደርቅ ስለሚያደርግ ጥላ ብቻውን ዕረፍት አይሰጥም። ወቅቱም ይገለበጣል፤ በጫንጮ ዙሪያ ያለው ሱሉልታ ሜዳ ውኃ ተኝቶበት ሣሩ ለድርቆሽ በሚያድግበት ክረምት ምጽዋ እሳት ናት፣ ጫንጮ ውርጭ በሚመታት በታኅሣሥና በጥር ደግሞ የምጽዋ ጥቂት ዝናብ ይመጣል። «ክረምት» የሚለው ቃል ራሱ እዚያ ሲደርስ ትርጉሙ ይላላል።

ለውጡ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቀው ማጀት ውስጥ ነው። በጫንጮ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሆነ ክክና ባቄላ እሳት ላይ ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ በባሕር ወለል ግን ውኃ እስከ 100 ዲግሪ ስለሚደርስ ያው ክክ ቶሎ ይበስላል፣ በለመደችው ሰዓት የምታወጣ ሙሽራም ወጧን ፈርሶ ታገኘዋለች። በብርዱ አገር ሁለትና ሦስት ቀን የሚቆየው ሊጥ በሙቀቱ ቀድሞ ኩፍ ስለሚልና ስለሚመጥጥ፣ አብሲት የሚጣልበትን ጊዜ እንደገና መማር ግድ ይሆናል። ከወተት አገር በስንቅ የሄደው ቅቤ ደግሞ፣ ጫንጮ ላይ በማንኪያ የሚፈነቀል የነበረው፣ ከዕቃው ሳይወጣ ዘይት ሆኖ ይጠብቃል።

ደሴቲቱ ግን ለሙቀቱ የራሷን ብልሃት ይዛ ቆይታለች። የቀድሞዎቹ የምጽዋ ቤቶች ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይ የተገነቡ ሲሆኑ፣ ነፋስ እያስገባ የውጭ ዓይን የሚከለክል፣ መሽረቢያ የሚባል የእንጨት ጥልፍልፍ በመስኮታቸው ላይ አላቸው፤ ሌሊት ሲሆን ነዋሪው አንገሬቡን፣ ማለትም በገመድ የተጠለፈውን አልጋ፣ ወደ ደጅ ወይም ወደ ሰገነት አውጥቶ ይተኛል። በሩን ቆልፎና ጋቢ ደርቦ መተኛት ለለመደ የደጋ ሰው ይህ መጀመሪያ ላይ ነውር ይመስላል።

እንዲህ ያለውን ትምህርት ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠው ማን ነው? የአሜሪካ ጦር ስፖንሰር የሚል ስም የሰጠው ሥርዓት አለው፤ ለምሳሌ በፓስፊክ ወደምትገኘው ጉዋም ለሚዛወር ወታደር ከዚያው ክፍል አንድ ባልደረባ አስቀድሞ ይመደብለታል፣ እርሱም ከጉዞው በፊት ስለ ቤትና ስለ ትምህርት ቤት ይገልጽለታል፣ ሲደርስም ይቀበለዋል። በአገራችን ይህ ሥራ መዝገብ ላይ ባይሰፍርም የጎረቤት ድርሻ ነው፤ ቀድማ የገባች ባለቤት እርሾ ታበድራለች፣ ውኃ የሚመጣበትን ሰዓት ትነግራለች፣ ቡና ጠርታም ከእቁብና ከእድር ታስተዋውቃለች፤ እድር የሐዘንን ወጪና ጉልበት ለመጋራት የሚቋቋም ማኅበር ስለሆነ ዘመድ ለሌለው ወታደር ከሁሉ የሚፈለገው እርሱ ነው። የስፖንሰሩ ብልጫ ደግሞ ተጠያቂ መሆኑ ነው፤ ጎረቤት ከሌለ ጎረቤትነት የለምና።

ከምጽዋ ማዶ የሚገኙት ከ100 በላይ የዳህላክ ደሴቶች ከዚህም የባሰ ውኃ የሚቸግርባቸው ናቸው፤ በዳህላክ ከቢር ጥንት ከዓለት ተፈልፍለው ዝናብ የሚያጠራቅሙ ጉድጓዶች አሉ፣ ቁጥራቸውም በአፈ ታሪክ ለዓመቱ ቀን አንዳንድ፣ 365 ነው ይባላል። ኢጣሊያኖች እስር ቤት ባደረጓት በኖኩራ ደሴት በደርግ ዘመን የሶቪየት ባሕር ኃይል ሰፍሮ ነበር። ምጽዋ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1990 በሻዕቢያ ስትያዝ የኢትዮጵያ መርከቦች በዳህላክና በአሰብ ተወሰኑ፤ በ1991 ደግሞ የቀሩት ወደ የመን ተሻገሩ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ እንደገና የተቋቋመው ባሕር ኃይል እስካሁን የራሱ ጠረፍ ስለሌለው፣ ከጫንጮ የሚመለመል አዲስ ባሕረኛ ለጊዜው ቅቤ የሚያቀልጥ ዝውውር አይደርሰውም።