ለደጋው መንገድ የሚስማማ የቢስክሌት ሹካ

ለቤተ ሰቡ ቢስክሌት የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ቀለሙንና ዋጋውን ነው። ነገር ግን በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ለሚኖር ሰው ከቀለሙ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የፊተኛውን ጎማ የሚይዘው ሹካ ነው። የነጂው ክንድ የሚያርፈውም የሚደክመውም፥ በቍልቍለት ጊዜ ሕይወቱ የሚጠበቀውም በእርሱ ነውና።

ፈረስና አህያ በቅሎን እንዳስገኙ ሁሉ፥ የአስፋልትና የተራራ ቢስክሌቶችም «ሃይብሪድ» የሚባለውን አስገኝተዋል። የዚህም ሹካ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሞላ የሌለው ድርቅ ያለ ሹካ ነው፤ ሁለተኛው ሞላ ወይም የታመቀ አየር በውስጡ ያለበት፥ ድንጋይ ሲመታው ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ የሚመለስ ነው።

ሞላ ያለው ሹካ እንደ ሰጋር በቅሎ ይመቻል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በድንጋይ ንጣፍና በጠጠር መንገድ እውነታቸውን ነው። ዳሩ ግን ምቾቱ ያለ ዋጋ አይገኝም። ድርቁ ሹካ 1 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፥ ባለሞላው ብዙ ጊዜ ከ2 ኪሎ ያልፋል። ዳገት ላይ ቆሞ ለሚነዳም ሰው ሹካው ከፍ ዝቅ እያለ ጉልበቱን ይበላበታል፤ ስለዚህ መቆለፊያ ያለውን መምረጥ ይገባል። ከዚህም በላይ የክረምቱ ጭቃና የበጋው አቧራ በተንሸራታቹ ብረት በኩል ገብቶ እንዳይበላው ዘወትር መጥረግ፥ በየጊዜውም ለዐዋቂ መካኒክ ማሳየት ያስፈልጋል።

በርካሽ የሚሸጠው ባለሞላ ሹካ ብዙውን ጊዜ የሞላውን መመለስ የሚገታ ዘይት የለውም። ገዢው የፊቱን ፍሬን ይዞ መሪውን ወደ ታች ይጫን፤ ሹካው ወርዶ በዝግታ ቢመለስ መልካም ነው፥ እንደ ኳስ ቢነጥር ግን ገንዘቡን ይያዝ።

ጎማውም ራሱ ሞላ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በቤልፋስት ይኖር የነበረው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1888 የፈጠራ መብት ያወጣለትን ባለአየር ጎማ የሠራው የልጁን ባለሦስት ጎማ ቢስክሌት ንርገጫ ለማብረድ ነበር። ዛሬም 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፥ አየሩም ከመጠን ያላለፈ ጎማ ከድርቅ ሹካ ጋር ቢገጠም የመንገዱን ንዝረት እጅግ ያቀልላል።

እንግዲህ በአስፋልት ወደ ቢሮና ወደ ትምህርት ቤት ለሚመላለስ ሰው ድርቁ ሹካ ከሰፊ ጎማ ጋር ይበልጥበታል ብለን እናምናለን። ወደ ገጠር በጠጠር መንገድ ለሚዘልቅ፥ ወይም የእጁ አንጓ ለሚያመው ሰው ግን ጥሩው ባለሞላ ይገባዋል። አንዱን በሌላው የሚለውጥም ቁመታቸው መመጣጠኑን ይለካ፤ ሹካው ሲያጥር ወይም ሲረዝም የመሪው ጠባይ ይለወጣልና።

ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ያለው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቍልቍል ይወርዳል። በዚያ ለመውረድ የሚያስብ ሁሉ፥ ሹካው የትኛውም ዓይነት ቢሆን፥ ስንጥቅና ጉብጠት እንደሌለበት፥ ፍሬኑም እንደሚይዝ ሳያረጋግጥ እንዳይነሣ አጥብቀን እንመክራለን።