ንድፉ ደህና፣ ዕቃው ጠማማ፤ ኪሳራው የማን ነው?

«ኤክስፖርት» ሲባል የዚህ ገጽ አንባቢ ቀድሞ የሚያስበው ቡናና ሰሊጥ ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የብረት በር ወይም የኪችን ካቢኔት የሚያሠራ ነጋዴ ግን ሌላም ኤክስፖርት እንዳለ ማወቅ ይኖርበታል። ይኸውም ንድፍ አውጪው በአውቶካድ ወይም በመሰል ሶፍትዌር የሠራውን ንድፍ፣ የመቁረጫው ማሽን ወደሚያነበው የፋይል ዓይነት ለውጦ የሚያወጣበት ሥራ ነው። በዚህች የአንድ ደቂቃ ሥራ ላይ የሚፈጠር ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ላሜራው ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ስህተቱ ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ለመገመት የኤርባስን ኤ380 አውሮፕላን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በሐምቡርግ የነበሩት መሐንዲሶች ካቲያ የተባለውን ሶፍትዌር 4ኛ ቅጂ ሲጠቀሙ፣ የቱሉዞቹ በ5ኛው ይሠሩ ነበር። መረጃው ከአንዱ ወደ ሌላው በትክክል ባለመተላለፉ፣ ከጀርመን የመጡት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ከአውሮፕላኑ አካል ጋር አልገጥም አሉ። በአንዱ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ሽቦ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የርክክቡ መዘግየት በተገለጸ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2006፣ የእናት ኩባንያው የኢኤዲኤስ አክሲዮን በአንድ ቀን ከሩብ በላይ ወረደ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይም ኩባንያው እስከ 2010 ድረስ ከሚጠብቀው ትርፍ 4.8 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚጎድል አስታወቀ።

በእኛ ወርክሾፖች ያለው ሂሳብ አነስተኛ ቢሆንም የችግሩ ሥር ያው ነው። ብዙ ማሽኖች የሚቀበሉት ዲኤክስኤፍ የተባለው ፋይል እ.ኤ.አ. በ1982 ከአውቶካድ ጋር አብሮ የወጣ ነው። በቆዩት ቅጂዎቹ ውስጥ «100» የሚል ቁጥር ሲገኝ ሚሊ ሜትር ይሁን ኢንች የሚናገር የለም። በአዲሶቹም ቢሆን ንድፍ አውጪው ሳይሞላው፣ የማሽኑ ሶፍትዌርም ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ የአንድ ሜትር በር 25 ሜትር ከ40 ሆኖ ብቅ ይላል።

እንዲህ ያለው ስህተት ግን ያስቃል እንጂ አያከስርም። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ላሜራ የጫነ ሠራተኛ ስክሪኑ ላይ ወዲያው ያየዋላ! የሚያከስረው ትንሹ ስህተት ነው። ንድፉ ፒዲኤፍ ሲደረግ ከወረቀቱ ልክ ጋር እንዲስማማ በ3 በመቶ ብቻ አንሶ ወጣ እንበል። ከዚያ ፒዲኤፍ ተመልሶ ዲኤክስኤፍ ቢሠራለት፣ 1,000 ሚሊ ሜትር የነበረው 970 ይሆናል። ሁሉም ነገር ተመጣጥኖ ስላነሰ ለዓይን ምንም አያስታውቅም። በሩ ከነቀለሙ ተጭኖ ሕንፃው ጋ ሲደርስ ነው 3 ሳንቲም የሚጎድለው።

የሰሌዳ ሥራ የሚያሠሩ ሰዎች ደግሞ የፊደሉን ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። ዩኒኮድ ባልሆኑ የቆዩ የግዕዝ ፊደሎች የተጻፈ የድርጅት ስም ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጽሑፉ ከመላኩ በፊት ወደ መስመር ቅርጽ ይለወጥ። ከዚያ በኋላ ማስተካከል ስለማይቻል ዋናውን ፋይል ለብቻ ማስቀመጥ ግድ ነው።

ፋይሉ ጭራሽ አልከፈት ካለ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የቅጂ ልዩነት ነው። በ2018ቱ የዲደብልዩጂ ቅርጽ የተቀመጠን ንድፍ የ2015 አውቶካድ አይከፍተውም። «ሴቭ አዝ» ብሎ ወደቀድሞው ቅጂ ማውረድ ይበቃል። የተጠማዘዙ መስመሮች ጠፍተው ከመጡም ስፕላይን የሚባሉትን ወደ ፖሊላይን ለውጦ መላክ ነው። ሌላው በደንበኛው ኪስ ላይ የሚቀልደው ነገር ድርብ መስመር ነው። በንድፉ ላይ አንድ መስመር በሌላው ላይ ተደርቦ ከተሣለ ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ማሽኑ ግን ሁለት ጊዜ ይቆርጠዋል። ክፍያው በደቂቃ ወይም በሜትር ከሆነ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። አውቶካድ «ኦቨርኪል» በሚለው ትዕዛዝ ያጠፋዋል።

ንድፍ አውጪው «እኔ ጋ ልክ ነው» ይላል፤ ባለማሽኑም «የተላከልኝን ቆረጥኩ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በዚህ መሐል የላሜራውን ዋጋ የሚከፍለው ደንበኛው እንዳይሆን፣ በሥራ ማዘዣው ላይ የፋይሉ ዓይነትና ቅጂ፣ መለኪያው ሚሊ ሜትር መሆኑ፣ እንዲሁም አንድ የማመሳከሪያ ልኬት ይጻፍ፤ ለምሳሌ «የበሩ ወርድ 1,000 ሚሊ ሜትር» ተብሎ። ልኬቱ ካልተመሳከረ ኪሳራው የቆራጩ፣ የተላከው ፋይል ራሱ ስህተት ከሆነ የንድፍ አውጪው መሆኑም አብሮ ይስፈር። ቀሪው ክፍያና የመቁረጡ ፈቃድ የሚሰጠው ባለማሽኑ ያችን ልኬት ከራሱ ስክሪን ላይ ለክቶ፣ ቁጥሩን በማዘዣው ላይ ጽፎ ከፈረመ በኋላ ነው።