«ኤንት» ማለት ጥፋት ነውን?

እኛ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ «አይ አም ኖት» ማለትን ተምረን፣ በሲኒማና በዘፈን ግን «አይ ኤንት» ሲባል እንሰማለን። ብዙዎቻችንም ይህ ያልተማረ ሰው አነጋገር ነው ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። (የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኤንት» ከባዕድ የመጣ ቃል ሳይሆን «አም ኖት» የሚለው በአፍ እያጠረ ሲሄድ የተገኘ ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት በእንግሊዝ አገር ባላባቶችም ጭምር ይናገሩት ነበር። ነውር ያደረጉት በኋላ የተነሡት የሰዋስው ሊቃውንትና መምህራን ናቸው። የሚያስገርመው ግን በእርሱ ፈንታ የተፈቀደው «አረንት አይ» የሚለው ጥያቄ መሆኑ ነው፤ «አር» ከ«አይ» ጋር እንደማይሄድ የታወቀ ነውና። በ1961 የዌብስተር ሦስተኛ መዝገበ ቃላት ታትሞ ብዙ የተማሩ አሜሪካውያን «ኤንት»ን በንግግር እንደሚጠቀሙበት በመግለጹ፣ ጋዜጦች ቋንቋው ተበላሸ ብለው ከባድ ወቀሳ አወረዱበት።

የኃላፊ ጊዜ ግሦችንም ብንመለከት ነገሩ ተመሳሳይ ነው። «ሄልፕ»፣ ማለት «ረዳ»፣ በጥንቱ እንግሊዝኛ ውስጡን የሚለውጥ ግሥ ነበር፤ በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስም «ሆልፕን» የሚል ይገኛል። ዛሬ ትክክል የሚባለው ግን «ሄልፕድ» ነው። በተቃራኒው «ስኒክ»፣ ማለት «ሹልክ አለ»፣ ደንበኛ ኃላፊው «ስኒክድ» ሲሆን፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በአሜሪካ «ስነክ» የሚል ብቅ አለ፤ ዛሬ በታላላቆቹ መዝገበ ቃላት ገብቷል። እንግዲህ የትናንቱ ስሕተት የዛሬው ሕግ፣ የትናንቱም ሕግ የዛሬው ስሕተት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር ጉዳይ ነው። «ሺ ቢ ወርኪንግ» ሲሉ ሰሚው ግሥ ማርባት ተሳናቸው ይላል። እነርሱ ግን የሚሉት «አሁን እየሠራች ነው» ሳይሆን «ዘወትር ትሠራለች» ነው። ስለዚህ አነጋገሩ ሥርዓት አለው። ዊልያም ላቦቭ የተባለው የቋንቋ ሊቅ ይህ አነጋገር የራሱ ሕግና አመክንዮ እንዳለው በ1969 ጽፎ አስረዳ። በ1979 ደግሞ በአን አርበር ከተማ ዳኛ ቻርልስ ጆይነር፣ መምህራን የልጆቹን የቤት ቋንቋ አውቀው ንባብ ሲያስተምሩ እንዲጠነቀቁለት የትምህርት ቤቱ አስተዳደር እንዲያሠለጥናቸው ፈረደ። ክርክሩ የአንድ ቃል ክርክር አልነበረም፤ በአነጋገሩ ምክንያት ሕፃን እንደ ደነዝ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚል ነበር።

በእኛም ቋንቋ «አደረገ» ተብሎ የሚጻፈውን ስንቶቻችን «አረገ» እንላለን! ማንም ግን መሃይም ብሎ አይሰድበንም።

ይህን ስል በፈተና ወረቀት ላይ «ኤንት» ጻፉ ማለቴ አይደለም። ፈተናም፣ የሥራ ማመልከቻም የሚጠይቁት የተለመደውን የጽሕፈት እንግሊዝኛ ስለ ሆነ እርሱን አጥብቀን መማር ይገባናል። ነገር ግን ጓደኛችን በውይይት መካከል ግሥ ቢያዛባ፣ ሳቃችንን ገታ አድርገን የሚለውን ነገር እናዳምጥ። በእንግሊዝኛው የተሳቀበት ተማሪ ሁለተኛ እጁን አያወጣም፤ ሐሳቡም ከእርሱ ጋር ይቀራል።