የእንፋሎት ባቡር በወንፈል ሲታደስ

በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ ግዛቶች የሚኖሩ አያሌ ገበሬዎች፣ የገበሬ ልጆችና የእጅ ሙያተኞች ከመቶ ዓመት በፊት እህል ይወቃባቸው የነበሩትን የእንፋሎት መኪኖች ከወደቁበት አንሥተው ያለ ደመወዝ በኅብረት ያድሳሉ። ሥራው በትርፍ ጊዜ የሚሠራ ቢሆንም እንደ ጨዋታ የሚታይ አይደለም። በእሳትና በውሃ የሚሠራ መኪና በአግባቡ ካልተያዘ የሰው ሕይወት ያጠፋል። ስለሆነም ሥራው እንዲሰምር ከብዙ እጅ ሌላ ሁሉም የሚገዛበት ደንብ ያስፈልጋል። የእነዚህ በጎ ፈቃደኞች ልምድ በጋራ የተገዛ ወፍጮ፣ የመስኖ ፓምፕ ወይም ትራክተር በኃላፊነት ለሚያስተዳድሩ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል።

የባቡሩ ዓይነትና አሠራር

በሀገራችን «ባቡር» የሚለው ቃል በሐዲድ ላይ ለሚሄደው ብቻ ሳይሆን በሞተር ለሚሠራው የእህል ወፍጮም ይነገራል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጡት፣ ያለ ሐዲድ በመንገድ ላይ የሚሄድ የእንፋሎት መኪናም በሕዝቡ ዘንድ «የሰርኪስ ባቡር» ይባል እንደነበር ይታወቃል። በአሜሪካ የሚታደሱት መኪኖች የዚሁ ወገን ናቸው።

የመኪናው ዋና አካል ቦይለር የሚባለው ወፍራም የብረት ጋን ነው። በአንድ ጫፉ እሳት የሚነድበት ክፍል አለ። ነበልባሉና ጭሱ በጋኑ ውስጥ በተዘረጉት ቧንቧዎች አልፈው በጭስ ማውጫው ሲወጡ በዙሪያቸው ያለውን ውሃ ያፈሉታል። ውሃ በክፍት ቦታ ፈልቶ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከመጀመሪያ መጠኑ 1,600 እጥፍ ያህል ይሰፋል። በጋን ውስጥ ሲታፈን ግን መስፋት ስለማይችል ከፍተኛ ግፊት ይፈጥራል። ይህ ግፊት ፒስተኑን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋ ትልቁን ዟሪ ጎማ ያሽከረክራል። ከጎማው ላይ የተዘረጋው ረጅም ቺንጋ ደግሞ የመውቂያውን መኪና ያንቀሳቅሳል። ባቡሩ በራሱ ኃይል ስለሚሄድ የመውቂያውን መኪና እየጎተተ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው ይዘዋወር ነበር።

ከአምራቾቹ መካከል በብዛት የታወቀው በዊስኮንሲን ግዛት በራሲን ከተማ ይሠራ የነበረው የኬዝ ኩባንያ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1869 የመጀመሪያውን የእንፋሎት ሞተር ሠርቶ፣ እስከ 1920ዎቹ ድረስ ከ35 ሺህ በላይ የሚሆኑ የእንፋሎት ሞተሮች አምርቷል።

የመውቂያው ወንፈል

በዚያ ዘመን አንድ የእንፋሎት ባቡርና አንድ የመውቂያ መኪና ለአንድ ገበሬ ዋጋቸው የሚቀመስ አልነበረም። በአንዳንድ ቦታ የመኪናው ባለቤት ከእርሻ ወደ እርሻ እየተዘዋወረ በክፍያ ይወቃ ነበር። በብዙ ቦታ ግን ጎረቤታሞች ማኅበር አቋቁመው፣ አንዳንዶቹም መኪናውን በጋራ ገዝተው፣ የአንዱን አዝመራ ከሌላው በማስከተል በየተራ ይወቁ ነበር። እነርሱ «የመውቂያ ቀለበት» ይሉት የነበረው ይህ አሠራር የሀገራችን ገበሬ ከሚያውቀው ወንፈል ብዙም የሚለይ አይደለም።

ነዶ የሚጭነው፣ ወደ መውቂያው የሚያቀብለው፣ ውሃና ማገዶ የሚያመላልሰው፣ እሳቱን የሚጠብቀውና እህሉን የሚያጓጉዘው ሰው አስቀድሞ ይመደባል። ባለተራዋ እመቤት ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሆና ለሠራተኛው ሁሉ ምግብ ታዘጋጃለች። አንዳንዶቹ ቀለበቶች በጽሑፍ የሰፈረ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ነበራቸው። የመውቂያው ወራት ሲያበቃም ስብሰባ ተቀምጠው ማን ስንት ሰዓት እንደሠራና የማን አዝመራ የበለጠ ጉልበት እንደወሰደ ይተሳሰባሉ። ልዩነቱ በገንዘብ ይካካሳል። በዚህ ዓይነት ብዙ ያመረተው ጥቂት ባመረተው ላይ ሸክም ሳይሆን፣ በጎረቤት መካከልም ቂም ሳይቀር ዓመቱ ይዘጋል።

እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራው ትራክተር እየተስፋፋ ሲሄድ የእንፋሎቱ ባቡር ከሥራ እየወጣ መጣ። ከዚያም እያጨደ የሚወቃው ኮምባይነር የመውቂያውን ማኅበር ራሱን አስቀረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦርነቱ ሥራ ብረት በእጅጉ ስለተፈለገ ከባቡሮቹ ብዙዎቹ ተቆራርጠው ቀለጡ። የተረፉትም በየእርሻው ዳር ዝናብና በረዶ እየተፈራረቀባቸው ዛጉ።

የሚያስታውሳቸው ግን አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1950 በአዮዋ ግዛት በማውንት ፕሌዘንት ከተማ የቀድሞ ወቂዎች የሚገናኙበት ዓመታዊ በዓል ተጀመረ። በ1954 ደግሞ በሚኒሶታ ግዛት ሮላግ በምትባለው አነስተኛ የገጠር መንደር ተመሳሳይ ማኅበር ሥራውን ጀመረ። በሮላግ የሚደረገው በዓል በኛ አቆጣጠር የነሐሴ ወር ማለቂያ ወይም ጳጉሜ ላይ በሚውለው የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን አካባቢ የሚከበር ሲሆን፣ ሥራው የሚካሄደው በበጎ ፈቃደኞች ነው። በዚያ የታደሱት ባቡሮች እሳት ተለኩሶላቸው እህል ይወቃሉ፣ ግንድ ይሰነጥቃሉ፣ ማረሻ ይጎትታሉ። ከዚህም ሌላ ማኅበሩ ጀማሪዎችን ስለ እንፋሎት ባቡር አያያዝ የሚያስተምርበት ኮርስ አለው።

ዕድሳቱ እንዴት ይካሄዳል?

የወደቀ ባቡር ሲነሣ መጀመሪያ የሚታየው ቦይለሩ ነው። ጎማው ቢጣመም ይቃናል፤ ኩሽኔታው ቢበላ ይለወጣል፤ ቦይለሩ ግን ከሳሳ መኪናው ሞተ ማለት ነው። በመሆኑም ለቀለምና ለጌጥ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የቦይለሩ ሁኔታ ተመርምሮ ሊድን መቻሉ መረጋገጥ አለበት።

ለዚህም ሲባል አመዱ ይጠረጋል፤ በጋኑ ሆድ የተጠራቀመው ደለልና በማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ቅርፊት ተፍቆ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የብረቱ ገጽ በጠመኔ እየተከፋፈለ የእያንዳንዱ ቦታ ውፍረት በድምፅ ሞገድ በሚሠራ መሣሪያ ይለካና ቁጥሩ በመዝገብ ላይ ይሰፍራል። ዝገት በብዛት የሚያጠቃው ደለል የሚተኛበትን የጋኑን ታች፣ የእሳቱን ክፍል ግርጌ፣ እንዲሁም እርጥብ አመድ ብረቱን የሚበላበትን የጭስ ማውጫውን ሥር ነው።

ሥራው የሚከፋፈለው እንደየሰዉ ችሎታ ነው። ወጣቶች ዝገት ይፍቃሉ፣ ቡሎን ይፈታሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ። የቶርኖ ሙያተኛው ያለቀውን ብረት አስመስሎ ይቀርጻል። ለእነዚህ አሮጌ መኪኖች መለዋወጫ ከሱቅ ስለማይገኝ ቅርጹ መጀመሪያ በእንጨት ተሠርቶ ብረቱ በዚያው ልክ እንደገና ይቀለጥና ይፈስሳል። ያረጁት ቧንቧዎች ወጥተው በአዲስ ይተካሉ። በዕድሜ የገፉት ደግሞ ከአባቶቻቸው ያዩትን ያሳያሉ፤ መዝገብ ይይዛሉ፤ መዋጮ ይሰበስባሉ። በቦይለሩ ላይ የሚደረገው ብየዳ ግን ለማንም በጎ ፈቃደኛ የሚሰጥ አይደለም። ይህ በሙያው የተመሰከረለት ሰው ሥራ ነው። እንዲህ እየተባለ የአንድ ባቡር ዕድሳት ብዙ ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ጥገናው ሲያበቃ እሳት ከመለኮሱ በፊት የቀዝቃዛ ውሃ ፈተና ይደረጋል። ጋኑ አየር እስከማይቀርበት ድረስ በውሃ ተሞልቶ፣ በፓምፕ ከሥራው ግፊት እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ድረስ ይገፋል። ውሃ እንደ እንፋሎት የማይለጠጥ በመሆኑ ብረቱ ደካማ ቢሆን እንኳ ያፈስሳል እንጂ እንደ ቦምብ አይፈነዳም። ድክመቱ ሰው ሳይጎዳ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

የመጀመሪያው እሳትም በዝግታ ይለኮሳል። ብረቱ በአንድ ወገን ቶሎ ግሎ በሌላው ወገን ቀዝቃዛ ሆኖ ከቆየ መጋጠሚያው ስለሚላቀቅ፣ እንፋሎት እስኪነሣ ድረስ ሰዓታት መጠበቅ ግድ ነው። መኪናው ሥራ ከጀመረ በኋላ ነጂው ዓይኑን ከውሃ ማሳያው ብርጭቆ አይነቅልም። ግፊት ሲያልፍ በራሱ የሚያስተነፍሰውን ቫልቭ ማንም እንዳይነካካው ይጠበቃል። ወደ ቦይለሩ ውሃ የሚያስገባው መሣሪያም አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው ሁለት ሆኖ ይዘጋጃል።

ጥንቃቄ ሲጓደል የደረሰ አደጋ

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሚያስፈልግ በሚገባ የሚያስረዳው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2001 በኦሃዮ ግዛት በሜዳይና አውራጃ የደረሰው አደጋ ነው። በ1918 የተሠራ አንድ የኬዝ ባቡር ለአውራጃው ትርዒት ወደ ሜዳው እንደደረሰ ቦይለሩ ፈንድቶ 5 ሰዎች ሲሞቱ ከ40 የማያንሱ ቆሰሉ። ነጂው ራሱ ከሟቾቹ አንዱ ነበር። ምርመራው እንዳመለከተው በቦይለሩ ውስጥ የነበረው ውሃ ከእሳቱ ክፍል ጣሪያ በታች ወርዶ ነበር። የጣሪያው ብረትም በዝገት ሳስቶ ነበር።

የአደጋው ምክንያት በቀላሉ ሊገባ ይችላል። ከእሳቱ በላይ ያለው የብረት ጣሪያ ሳይቀልጥና ሳይለሰልስ የሚቆየው ከላዩ ውሃ ስላለ ብቻ ነው። ድስት ውስጡ ውሃ እያለ አያርም፤ ውሃው ሲያልቅ ግን ወዲያው ይግላል። በሥራ ላይ ያለ ባቡር ግፊት በአንድ ስኩዌር ኢንች 150 ፓውንድ ቢሆን፣ በአንድ ካሬ ሜትር ብረት ላይ የሚያርፈው ኃይል 1,000 ኩንታል እህል እንደ መጫን ነው። ብረቱ ግሎ በለሰለሰ ጊዜ ይህን ሊሸከም አይችልም። ጣሪያው ሲቀደድ በጋኑ ውስጥ የነበረው የፈላ ውሃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ያገኘውን ሁሉ ያነሣል።

ከአደጋው በኋላ በ2002 የኦሃዮ ግዛት ታሪካዊ ቦይለሮች እንዲመረመሩና ነጂዎቻቸውም ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። በሌሎች ግዛቶች ያሉ ማኅበራትም ቦይለሮቻቸውን እንደገና በጥብቅ መመርመር ግድ ሆነባቸው። ለብዙ ዓመት የደከሙበት ባቡር ከምርመራው በኋላ እሳት እንዳይነካው የተወሰነባቸው ባለቤቶች ነበሩ። ውሳኔው መሪር ቢሆንም ከቀብር የተሻለ መሆኑን ማንም አይስተውም።

ለማኅበር መሪዎች

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሚባለው፣ አንድ ገበሬ ብቻውን የማይገዛውን መኪና ማኅበር ይገዛዋል፤ አንድ ሰው የማያነሣውን የወደቀ ባቡርም ማኅበር ያነሣዋል። ይሁን እንጂ የሃምሳ ሰው የሆነ መኪና ጠባቂው ካልታወቀ የማንም ሳይሆን ሊቀር ይችላል። ሁሉም «ሌላው አይቶታል» ሲል ዘይቱ ያልቃል፣ ቺንጋው ይበጠሳል፣ ውሃው ይጎድላል።

ከእንፋሎቱ ባቡር አዳሾች ልምድ ለወፍጮም፣ ለፓምፕም፣ ለትራክተርም የሚሆኑ አራት ነገሮችን መውሰድ ይቻላል። አንደኛ፣ መኪናው ለማን እንደተሰጠና ማን እንደሚነዳው በስም ተለይቶ መታወቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ዘይት የተለወጠበት፣ ዕቃ የተተካበትና ብልሽት የታየበት ቀን ሁሉ በመዝገብ መስፈር አለበት። በቃል የተያዘ ነገር ሰውየው ሲለወጥ አብሮ ይሄዳልና። ሦስተኛ፣ ከገቢው ላይ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ መኪናው ሳይሰበር በፊት መቀመጥ ይኖርበታል። አራተኛውና ዋነኛው፣ መኪናው አደገኛ ሁኔታ ላይ መሆኑን ያየ ሙያተኛ ሥራውን የማስቆም ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። ሊቀ መንበሩ ቢቸኩል፣ እህል ተሸክሞ የቆመው ሰልፈኛ ቢያጉረመርም፣ «አይነሣም» የተባለ መኪና መነሣት የለበትም።

ይህን ሥልጣን አስቀድሞ በመተዳደሪያ ደንብ ላይ ማስፈር የመሪዎች ድርሻ ነው። ወፍጮው ቆሞ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ሰዓት የሚነሣ ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚያበቃው በቸኮለው አሸናፊነት ነው። ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለመኪናም ይሠራል።